የሁለት ተፈታኞች ቤት

ፊሊሞን ቶለሳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱን ያየው በአባቱ ጎሚስታ ደጃፍ፣ የአይሱዙ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነው። መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ውጤት የሚታይበት ድረ ገጽ ከማለዳ ጀምሮ ተጨናንቆ አልከፈት ብሎ ቆይቶ፣ ረፋዱ ላይ ድንገት ተከፈተና ቁጥሩን ያለ ምንም ማለሳለሻ ፊቱ ላይ አስቀመጠለት። ከስድስት መቶ፣ አንድ መቶ ዘጠና ስምንት።

ማለፊያው ሦስት መቶ ነው። ፊሊሞን ስልኩን አጥፍቶ አበራ። የሌላ ሰው ውጤት መጥቶበት እንደሆነ ብሎ የመፈተኛ ቁጥሩን እንደገና አስገባ። ስሙ ከነአያቱ እዚያው ነበር። ፊዚክስ፣ ከመቶ ሃያ ሰባት። ፊዚክስን ከሁሉም አብልጦ ይወድ ነበር፤ ፍቅሩ የአንድ ወገን መሆኑን ያወቀው ያን ጠዋት ነው።

አባቱ ቶለሳ ከዊንጌት ታክሲ ተራ ዝቅ ብሎ ለሃያ ዓመት ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍና ሲነፋ የኖረ ሰው ነው። የሱሉልታ ልጅ ነው፤ ሲናደድ በአማርኛ፣ ሲደሰት በኦሮምኛ ይናገራል። ያን ቀን ስለ ውጤቱ በሁለቱም አልተናገረም። የልጁን ፊት አየና፣ «እስቲ ያንን ክሪክ አቀብለኝ» አለው። ፊሊሞን አቀበለው። ዜናው ለአባትየው የተነገረው በዚህ መንገድ ነው።

እናቱ ብርነሽ ከጎሚስታው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ወሬው መንገዱን ለመሻገር ብዙ አልፈጀበትም። መቀሷን እንደያዘች መጣች፤ አቀፈችው፤ ከብስክሌት ላይ የወደቀ ሕፃን ይመስል፣ «ደህና ነህ፣ ምንም አልሆንክም» አለችውና ተመልሳ ሄዳ የጀመረችውን ኮሌታ ጨረሰች።

ያን ቀን ማንም ያላስታወሰው አንድ ነገር ነበር፤ ፊሊሞን ራሱ አላስታወሰውም። ብርነሽም ተፈትናለች። አሥረኛ ክፍል ሳለች እሱን አርግዛ ያቋረጠችውን ትምህርት ከሦስት ዓመት በፊት በማታው ክፍል ቀጥላ ነበር። ክረምቱ ሲገባ እንደ ልጇ ሁሉ ሻንጣዋን ይዛ፣ በአውቶቡስ ተጭና፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በተማሪ አልጋ ላይ እያደረች ተፈትና ተመልሳለች። አብረዋት ያደሩት ልጃገረዶች «ማዘር» እያሉ ይጠሯትና ጸጉራቸውን ያሠሯት ነበር፤ ከሒሳቡ ፈተና ይልቅ ያደከማት ሹሩባው ነው። ሰፈሩ ግን የብርነሽን ትምህርት የሚያየው ሐኪም እንዳዘዘው የእግር ጉዞ ነው። ለጤና ጥሩ ነው ይባላል እንጂ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በሚቀጥሉት ቀናት ምክር እንደ ሽሮ ሜዳ ቀሚስ በየዓይነቱና በየቀለሙ ተሰቀለለት። ጎረቤታቸው ጋሽ ወልዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ይግባኝ እንዲል አጥብቀው መከሩት፤ እርሳቸው ባስተማሩበት ዘመን ውጤቱ ተሳስቶ የተመለሰለት አንድ ልጅ ያውቃሉ። ፊሊሞን የይግባኙን ቅጽ ሞላ። መልሱ ሳምንት ሳይሞላው መጣ፤ ስህተት የለም። ጋሽ ወልዱ ታዲያ ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም፤ ወዲያው በግል ተመዝግቦ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንዲፈተን ማሳሰብ ጀመሩ። እትዬ ወለተማርያም እንጦጦ ማርያም ወጥቶ እንዲሳል ነገሩት። ፈተናው ካለፈ በኋላ መሳል ምን ይጠቅማል ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ለማርያም ያለፈ የሚባል ነገር የለም አሉት። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ጎማውን እያስነፋ፣ ወድቀው ሀብታም የሆኑ ሰዎችን ስም ዘረዘረለት። ቶለሳ በኋላ እንደነገረው፣ ከተዘረዘሩት መካከል ሁለቱ እስር ቤት ናቸው።

ጓደኛው ኖህ ሦስት መቶ አርባ አንድ አምጥቶ ነበር። መጥቶ አጠገቡ ጎማው ላይ ተቀመጠ፤ ደስታውን የት እንደሚያስቀምጠው ስለጠፋው ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ እግር ኳስ ብቻ አወራ። ፊሊሞን ከሁሉም ምክር የወደደው ይህን ነው።

እውነተኛው ተስፋ ሬሜዲያል ነበር። ማለፊያውን ያላገኘ፣ ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ የተወሰነ ነጥብ ያለው ተማሪ ለጥቂት ወራት ተምሮ እንደገና ይፈተናል፤ ካለፈ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ለዚህ የሚያበቃው ነጥብ እስኪነገር ድረስ ፊሊሞን ስልኩን በደቂቃ አንዴ እየከፈተ ጥቅምትን አጋመሰ። ሲነገር በስድስት ነጥብ አጠረው።

የሚገርመው፣ ከሦስት መቶው መቶ ሁለት መጉደሉ ይህን ያህል አላቃጠለውም ነበር። መቶ ሁለት ነጥብ ዕጣ ነው፤ ሰው ከዕጣው ጋር አይሟገትም። ስድስት ነጥብ ግን ሦስት ጥያቄ ነው፣ በችኮላ የጠቆረች ክብ ናት፣ ሽንት ቤት ሄዶ የባከነ ደቂቃ ነው። ፊሊሞን ስድስቷን ነጥብ አቅፎ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አንድ ሳምንት እንዲህ ሆነ። ቶለሳ ተዉት፣ ሲርበው ይነሳል አለ። እርግጥ ሲርበው ይነሳ ነበር፤ በልቶ ይተኛል።

በስምንተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ብርነሽ ጋቢውን ገፈፈችው። ጫማውን እንዲያደርግ፣ ኮሌጅ ሊያዩ እንደሚሄዱ ነገረችው። የትኛው ኮሌጅ ብሎ ቢጠይቅ የታክሲው መስታወት ላይ ማስታወቂያ የለጠፈው አለችው። ሁሉም ለጥፈዋል አላት። ቅርቡ አለችው።

ቅርቡ ኮሌጅ ከዊንጌት ሁለት ፌርማታ ወረድ ብሎ፣ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ስድስተኛው ላይ ነው። ምድር ቤቱ ፍራሽ ይሸጥበታል፤ ከዚያ በላይ ባንክ፣ ከባንኩ በላይ የጥርስ ክሊኒክ አለ። በሩ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ባነር ጋዋን የለበሰች ልጅ ትስቃለች። ፊሊሞን ይህችን ልጅ ባለፈው ዓመት በሌላ ኮሌጅ ባነር ላይ ስትስቅ አይቷታል። ይህን ለእናቱ ሊነግራት ሲል ግዛቸው ደረሰባቸው።

ግዛቸው ክራቫት ያሰረ፣ ክንዱ ላይ የበራሪ ወረቀት ክምር የታቀፈ፣ ሥራው ለኮሌጁ ተማሪ መመልመል የሆነ ሰው ነው። ገና በሩ ላይ ተቀብሏቸው፣ ልጁ ዕድለኛ እንደሆነ፣ ዛሬ ዕለቱ ጥሩ እንደሆነ እየነገራቸው ወደ አሳንሰሩ አስገባቸው። አሳንሰሩ አንደኛን አለፈ፣ ሁለተኛን አለፈ፣ ሦስተኛን አለፈ፣ አራተኛን አለፈ። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰና በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ቆመ።

መብራቱ ደብዝዞ ቀረ። ግዛቸው ሁሉንም ቁልፍ ተራ በተራ ተጫነ። ደወሉን ተጫነ። በመጨረሻ ስልክ ደወለና፣ ቴክኒሻን ከመርካቶ በኩል እየመጣ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ቢታገሡ ብሎ አረጋጋቸው። ብርነሽ ነጠላዋን አጣጥፋ ከሥሯ አደረገችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፊሊሞን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ግዛቸው ሰባት ዓመት ተማሪ ሲመለምል የኖረ ሰው ነው። ሁለት ሰዎች ማምለጫ በሌለበት ቦታ ከፊቱ ተገኝተውለት ዝም ማለት አልሆነለትም። አካውንቲንግን አወራ፤ ማርኬቲንግን አወራ፤ በደረጃ ተምሮ፣ በየደረጃው ብቃቱን ተመዝኖ፣ ከዚያ ወደ ዲግሪ እንዴት እንደሚሻገር በወረቀቱ ጀርባ ላይ ቀስት እየሳለ አሳየ። ላብ በላብ ሆኖም አላቆመም። ፊሊሞን ሁሉንም እሺ እያለ ያዳምጣል፤ አካውንቲንግም ይሁን፣ ምንም ይሁን፣ እናቱ ደስ ካላት ሊመዘገብ ወስኗል። ግዛቸው ሁሉን ጨርሶ፣ ኮሌጁ ሬሜዲያልም ቅዳሜና እሑድ እንደሚያስተምር አከለ። የፊሊሞንን ነጥብ ጠይቆ ሲሰማ ግን ከንፈሩን መጠጠ። ስድስት ነጥብ፣ አለ፣ ያሳዝናል።

ያኔ ነው ብርነሽ ከወለሉ ላይ፣ የአሳንሰሩን በር እያየች፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ መግቢያ ነጥብ ስንት እንደሆነ የጠየቀችው። ለሴት። ግዛቸው ነገራት።

«እና ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ቢሆን ይገባል ማለት ነው?» አለች።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት? በደንብ ነዋ። ለማለፊያው እኮ አሥራ ሦስት ነው የጎደላት። ልጅቷ ታዲያ አብራችሁ አልመጣችም?»

ብርነሽ የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች።

«መጥታለች» አለች።

ግዛቸው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተመለከተ፤ አሳንሰሩ ጠባብ ስለሆነ ብዙም የሚታይ አልነበረም። ፊሊሞን ግን ወዲያው ገባው። ባንዴ ብዙ ነገር አስታወሰ። በሰኔ የታሸገውን ሻንጣዋን፣ ከስፌት መኪናው ሥር የተደረደሩትን ደብተሮች፣ ሒሳብ ስትለማመድ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በነጭ ጠመኔ የጻፈቻቸውን ቁጥሮች። ያንን ስሌት ያስረዳት እሱ ነው። አንድ ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ስለ ውጤት ሲወራ፣ አንድ ሰው እንኳን፣ እሱ እንኳን፣ አንቺስ አላላትም።

«መቼ አየሽው?»

«አንተ ያየህ ቀን። ኮሌታውን ጨርሼ።»

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ?» አለች ብርነሽ። «ልጄ ወድቋል፣ እኔ ግን በልጬዋለሁ ልበል? ያው አንተም ወደቅህ፣ እኔም ወደቅኩ። እኔ ትንሽ በጥሩ ወደቅኩ እንጂ።»

ፊሊሞን መጀመሪያ የተሰማው ቅናት ነው። ይህን በኋላ ለኖህ ሲያወራ አልደበቀም፤ ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ ነው የበለጠችው። ከዚያ «በጥሩ ወደቅኩ» ያለችው ነገር ቀስ ብሎ ገባውና መሳቅ ጀመረ። ከመስከረም ወዲህ ስቆ አያውቅም ነበር። ብርነሽም ሳቀች። ግዛቸው ሁለቱን እያየ፣ መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ ሳያውቅ ትንሽ ፈገግ አለ።

የሬሜዲያሉ ምዝገባ መቼ እንደሚያልቅ ፊሊሞን ጠየቀው። ዓርብ ነው አለው። ብርነሽ ይህን ታውቅ ነበር። እያወቀችም ዓርብ እስኪያልፍ ልትጠብቅ ነበር፤ ልጅ ቤት ተኝቶ እናት ደብተር ይዛ ስትወጣ ምን ይባላል ብላ።

«ዓርብ ድረስ አንጠብቅም፤ ዛሬ ትመዘገቢያለሽ» አላት ፊሊሞን። «ደግሞ እኔን ምክንያት አታድርጊኝ። የእኔ መውደቅ ለራሴ ይበቃኛል።»

መልስ ሳትሰጠው ከላይ የሴት ድምፅ ተሰማ። ስንት እንደሆኑ፣ የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ከዚያ ከበሩ እንዲርቁና እንዳይደነግጡ ነገረቻቸው። አሳንሰሩ በጥፍሩ እንደሚሄድ ሰው በዝግታ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የሕንፃው ጥበቃ በሩን በቁልፍ ከፈተላቸው። ግዛቸው ክራቫቱን አስተካክሎ ብርነሽን በደረጃ ወደ ስድስተኛ ፎቅ ይዟት ወጣ፤ ከእጁ እንዳታመልጥ የፈራ ይመስል አንድ ደረጃ ከኋላዋ ነበር። ፊሊሞን ተከትሏቸው ወጣ፤ ስድስተኛው ላይ ግን አልቆመም። ከላይ የብረት ድምፅ ይሰማ ነበርና እሱን ተከትሎ እስከ ጣሪያው ሥር ወጣ።

እዚያ ባለችው የሞተር ክፍል ውስጥ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነበር። ሚልካ ትባላለች። ከታች ተይዘው ከነበሩት አንዱ መሆኑን ሲነግራት ይቅርታ ጠየቀችው፤ ሊሳደብ የመጣ መስሏት ነበር። እሱ የፈለገው ግን ምን እንደተበላሸ ማወቅ ነው።

አልተበላሸም አለችው። ይዛው ወደ አምስተኛ ፎቅ ወረደችና ከበሩ በላይ ያለች የአውራ ጣት የምታህል ማብሪያ አሳየችው። አቧራ ስለገባባት አሳንሰሩ በሩ ክፍት የሆነ መሰለው። በሩ ክፍት ከመሰለው ደግሞ አይንቀሳቀስም። ፊሊሞን አሳንሰሩን ወደ ታች ያወረደችው እንዴት እንደሆነ ጠየቃት። ሞተሩን ሳታነሳ፣ ፍሬኑን ጥቂት በጥቂት እየለቀቀች መሆኑን ነገረችው፤ ከጀርባ ከብረት የተሠራ ማመጣጠኛ ክብደት ስላለ፣ ማን ከማን ይከብዳል የሚለውን ካወቁ ቀሪው ቀላል ነው። ፊሊሞን ወደ ጉድጓዱ አጎንብሶ የተወጠረውን ገመድና ጨለማው ውስጥ የተንጠለጠለውን ክብደት አየ። ይህን ነገር ያውቀዋል። በመጽሐፉ ላይ ሁለት ሳጥን በአንድ መዘውር ተሰቅለው፣ ቀስትና ፊደል ተጽፎባቸው ነበር፤ ፈተናው ላይም መጥቶ ተሳስቶታል። እዚህ ግን የሚሳሳትበት ነገር አልታየውም። ሦስት ሰው ከያዘ ሳጥኑ ይከብዳል ወይስ ክብደቱ ብሎ ጠየቃት። ሚልካ ዕቃዋን አስቀምጣ ያኔ ገና በደንብ አየችው።

«አሥራ ሁለተኛን ነው የጨረስከው?»

«ወድቄ ነው የጨረስኩት።»

«እኔም» አለች። «ያውም ያንተን ያህል እንኳ አላመጣሁም መሰለኝ።»

ከዚያ ያልጠየቃትንም ነገረችው። ቴክኒክና ሙያ ገብታ ኤሌክትሪክ ተምራለች፤ የብቃት ምዘናውን መጀመሪያ ስትወስድ ወድቃ በሁለተኛው አልፋለች፤ ከዚያ የአሳንሰር ድርጅት ቀጥሯት ሥራውን እዚያው ለመደችው። የሥራውን ክፉ ክፉም አልደበቀችውም። ቅባቱ ከጥፍር አይለቅም፤ እሑድ የለም፤ ሰው ተይዞ ሲያወጡት ያዳነውን ነው የሚሰድበው። ፊሊሞን ቆሞ ሲጠይቃት ከሌላ ሕንፃ ሦስት ጊዜ ተደወለላት። ስትሄድ የተማረችበትን ፖሊ ቴክኒክ ስም በግዛቸው በራሪ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈችለት።

ሲወርድ እናቱ ስድስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቆማ አገኛት። እጇ ላይ የምዝገባ ወረቀት አለ። የመጨረሻው መስመር ላይ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ ይላል። ማን ይፈርማል ብለው ተሳሳቁ፤ ፊሊሞን ፈረመ።

ቶለሳ የሚስቱን ውጤት ሲሰማ መጀመሪያ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ፣ ለሃያ ዓመት በሥራ ቀን ዘግቶት የማያውቀውን ጎሚስታ ዘጋ። ለጎረቤቱ ሁሉ ለስላሳ አዘዘ። ያን ከሰዓት በኋላ የተናገረው ሁሉ በኦሮምኛ ነበር፤ ጋሽ ወልዱ ምንም ባይገባቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ አብረው ተደሰቱ።

የልጁን ነገር ሲሰማ ግን ወደ አማርኛ ተመለሰ። ፊሊሞን የአካውንቲንጉን ቅጽ እንዳልሞላ፣ ቴክኒክ ሊገባ፣ አሳንሰር ሊጠግን እንደሚፈልግ ነገረው። ቶለሳ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«የእኔ እጅ የጠቆረው የአንተ እንዳይጠቁር ነው» አለ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ካወቅክ ለምን?»

ፊሊሞን የመጣለትን ተናገረ። «ትላንት ጠዋት እኮ የምነሳበት ምክንያት አልነበረኝም። ዛሬ አንድ ነገር አየሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለሱ የማስብ ይመስለኛል። እጄ ቢጠቁር ይታጠባል።»

«አይለቅም» አለ ቶለሳ፣ እጁን እያሳየው።

አራት ቀን አኮረፈ። ሰኞ ጠዋት ጎማ ለማየት ሶማሌ ተራ ደርሶ እንደሚመጣ ተናግሮ፣ ሰንበቴ የሚሄድበትን ኮት ለብሶ ወጣ። ሰው ኮት ለብሶ ጎማ ሊገዛ አይሄድምና ብርነሽ ጠርጥራለች። ቀትር ላይ ያለ ጎማ ተመለሰ። ፖሊ ቴክኒኩ ሄዶ ነበር። ጥበቃውን አስፈቅዶ፣ ወርክሾፖቹን አንድ በአንድ በመስኮት አይቶ፣ የኤሌክትሪክ አስተማሪውን ጋሽ ባጫን በሩ ላይ ጠብቆ፣ የሚመረቁት ልጆች ሥራ ያገኛሉ ወይ ብሎ ጠይቋል። የተነገረው መልስ ደስ ሳያሰኘው አልቀረም። የማመልከቻ ቅጹን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ለልጁ ሰጠው። የኤሌክትሪኩ ክፍል ጥሩ ነው፣ የጋራዡ ክፍል ግን ዕቃው ያረጀ ነው አለ። አስተያየቱ ይህ ብቻ ነበር።

ነገሩ ከዚያ በኋላ እንደ ውኃ አልፈሰሰም። ፊሊሞን ሲያመለክት የኤሌክትሪኩ ክፍል ሞልቶ ስለነበር ቧንቧ ሥራ ላይ ተመደበ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቱቦ ሲቆርጥና ለቱቦው ጫፍ የማያያዣ ጥርስ ሲያወጣ ከረመ፤ ቤት መጥቶ የሚንጠባጠበውን የጓሮ ቧንቧ ሠራ፤ ብርነሽ ቧንቧ ሠራተኛ ቢሆንም አይጠላም ማለት ጀመረች። በአራተኛው ሳምንት ከኤሌክትሪክ አንድ ልጅ ለቀቀ። ፊሊሞን በየቀኑ ጠዋት በሩ ላይ እየቆመ ጋሽ ባጫን ሰላም ሲል ነበርና፣ ሰውየው ሰላምታው ስለሰለቻቸው ይሁን ስላዘኑለት አስገቡት።

ብርነሽ ቅዳሜና እሑድ ኮሌጅ ትሄዳለች፤ በአሳንሰሩ ግን አትወጣም። ክፍል ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ ትበልጣለች፤ እዚያም «ማዘር» አሏት። ቤታቸው ውስጥ የጽሕፈት ጠረጴዛ የሚሆነው አንድ ነበርና በእሱ ይጣላሉ። ሒሳብ ሲሆን እሱ ያስረዳታል። እንግሊዝኛ ሲሆን እሷ ታርመዋለች፤ ሁለት ጊዜ ካረመችው ቃል ላይ ሦስተኛ ሲሳሳት በማስመሪያ መታ ታደርገዋለች። መጋቢት ላይ አንድ ቀን ደክሟት ደብተሩን ወርውራ በቃኝ አለች። ከጠዋት እስከ ማታ ስትሰፋ ውላ ዓይኗ ፊደል አልለይ ብሏት ነበር። ፊሊሞን ደብተሩን አንስቶ ምዕራፉን ጮክ ብሎ አነበበላት። እሷ እየሰፋች፣ እሱ እያነበበ፣ ሁለት ሳምንት እንዲህ ተሠራ። የዩኒፎርሞቹ ቁልፍ ግን በዚያ ሰሞን ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የተተከለው።

ሬሜዲያሉን አለፈች። ግዛቸው በስልክ ደውሎ ሲነግራት ከእሷ ይልቅ ይጮህ የነበረው እሱ ነው። ለዲግሪው በዚያው በቅዳሜና እሑድ አካውንቲንግ መረጠች፤ ሱቋን ሳትዘጋ የምትማረው እሱን ነበርና። መጀመሪያ ሕግ ፈልጋ ነበር፤ ሕግ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያስተምር አላገኘችም። ጥቂት አዘነች፤ ከዚያ ተወችው።

ፊሊሞን የደረጃ ሁለቱን የብቃት ምዘና የተግባሩን በጥሩ፣ የጽሑፉን ደግሞ ለጥቂት አለፈ። ጋሽ ወልዱ አሁንም አሥራ ሁለተኛን እንደገና እንዲፈተን ይጎተጉቱታል። እሱም ፊዚክሱን ብቻ ቢሆን ዛሬውኑ እንደሚፈተን ይነግራቸዋል። ምናልባት አንድ ቀን ሌላውንም ይፈተን ይሆናል፤ አይሆንም አላለም። ለልምምድ የተመደበው ሚልካ ያለችበት ድርጅት ባይሆንም አንድ ሁለቴ ደውሎላት ያልገባውን ጠይቋታል።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ፈተና ገጠማቸው። ብርነሽ ወጥ ቤት ሳትገባ ሦስት ቀን ሆናት፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ወረቀት ሲገለጥና ዝናብ ጣሪያውን ሲመታ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ቶለሳ ጎሚስታውን ቀደም ብሎ ዘግቶ መጣ፤ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፤ ወጥ ቤት ገባ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስታ ቀቀለ። ውኃው ሳይፈላ ፓስታውን ከትቶ፣ ከፈላ በኋላም ረስቶት ስለነበር፣ ትሪ ላይ ሲያቀርበው አንድ ላይ ተጣብቆ ነበር። ቢላዋ አምጥቶ ለሦስት ቆረጠው።

ብርነሽ ዓይኗን ከደብተሩ ሳታነሳ ቀመሰች። ፊሊሞንም ቀመሰ።

«እንዴት ነው?» አለ ቶለሳ፣ ቆሞ እየጠበቀ።

እናትና ልጅ ተያዩ። ብርነሽ ጨው እንዲያቀብላት ጠየቀችው። አቀበላት፤ ከመሃላቸው ቦታ ለቀቁለትና ተቀምጦ አብሯቸው በላ።